ሚኒሶታ አዲስ ለመጣችሁ፦ ዊንተሩን ቤትም መኪና ላይም እንዴት እንደምታልፉት

ከአዲስ አበባም ይምጣ ከዲሲ ወይ ከዳላስ፣ እዚ አዲስ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ብርዱ እስከ ስንት ይወርዳል ብሎ ነው። ሜኒያፖሊስና ሴይንት ፖል አካባቢ ጃንዋሪ ላይ ከዜሮ ፋራናይት በታች 10 ምናምን መግባት የተለመደ ነው፣ ሲብስ ደግሞ ጃንዋሪ 30፣ 2019 ሜኒያፖሊስ ማይነስ 28 ገብቶ ፖስታ ቤት እንኳን ደብዳቤ ማደል ያቆመበት ቀን ነበር፣ ወደ ሰሜን ታወር የምትባል ከተማ ላይ ፌብሩዋሪ 2፣ 1996 ማይነስ 60 ተመዝግቧል፣ የስቴቱ ሪከርድ እስካሁን እሱ ነው። ይሄ ሁሉ ሆኖ ሰው እዚ ሀገር ተረጋግቶ ይኖራል፣ ልጅ ያሳድጋል፣ ሌሊት ሺፍት ይሰራል፣ ኡበር ይነዳል። ሰው የሚጎዳው ከሞቀ ቤት ወደ ሞቀ መኪና ሲመላለስ ከርሞ አንድ ቀን ሁለቱም እምቢ ሊሉት እንደሚችሉ ሲረሳ ነው። ስለዚ ከታች የምጽፈው ሁሉ እዚ ላይ የቆመ ነው፦ ስትለብሱ መኪናው መንገድ ላይ ቢቆም ብላችሁ ልበሱ፣ ቤታችሁን ሂተሩ ሌሊት ቢጠፋ ብላችሁ አዘጋጁ፣ ዝግጅቱን ደግሞ ኦክቶበር ሳያልቅ ጨርሱት።

መኪናው ላይ ከባትሪ ልጀምር፣ ጠዋት ጠዋት "መኪናዬ አልነሳም አለ" ተብሎ ከሚደወለው አብዛኛው የባትሪ ጉዳይ ነው። ባትሪ ብርድ ሲመታው ይደክማል፣ 32 ፋራናይት ላይ ሲሶ ያህል ጉልበቱን ያጣል፣ ዜሮ ላይ ከግማሽ በላይ፣ በዛው ሰዓት የሞተር ዘይቱም ስለሚወፍር ሞተሩን ለማዞር ከበፊቱ የበለጠ ጉልበት ይፈለጋል፣ ማለት ባትሪው በደከመበት ሰዓት ነው ስራ የሚበዛበት። ባትሪያችሁ ሶስት አራት አመት ካለፈው ኦክቶበር ላይ ወስዳችሁ አስለኩት፣ የመኪና እቃ ከሚሸጡት ሱቆች ብዙዎቹ በነጻ ይለኩላችኋል፣ ደክሟል ካሏችሁ ያኔውኑ ቀይሩት፣ ማይነስ 20 በሆነ ሌሊት ከስራ ወጥታችሁ ፓርኪንግ ላይ ከመቆም የባትሪ ዋጋ ይሻላል። ዘይት ስትቀይሩ የመኪናው ማንዋል ከፈቀደ ፉል ሲንተቲክ አድርጉት፣ ቁጥሩ በዜሮ ደብሊው የሚጀምረው ብርድ ላይ ቶሎ ይፈሳል። አንቲፍሪዙንም አስለኩት፣ ግማሽ በግማሽ ከውሃ ጋር የተደባለቀው እስከ ማይነስ 34 አካባቢ ይዟል፣ ኢትዮጵያ እንደለመድነው ራዲያተር ላይ ዝም ብሎ ውሃ መጨመር እዚ ሞተር ያሰነጥቃል። የመስታወት ማጠቢያውም ቢሆን የበጋውን ፈሳሽ አስወጡና ጋሎኑ ላይ ማይነስ 20 ወይ ከዛ በታች የሚል የተጻፈበትን ሙሉበት፣ አለበለዚያ ሀይዌይ ላይ ጨው የተቀላቀለበት ጭቃ መስታወቱን ሲሸፍነው የሚረጭ ነገር አይኖራችሁም።

ጎማ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። "መኪናዬ ኦል ዊል ድራይቭ ነው" ብሎ የሚተማመን ሰው በየቦዩ ውስጥ ታገኙታላችሁ፣ አራቱም ጎማ መጎተቱ ለመነሳት ነው የሚረዳው፣ ለማቆም ግን ምንም አይጨምርም፣ የሚያቆማችሁ ጎማው መንገዱን የሚይዝበት አቅም ነው። ኦል ሲዝን የሚባለው ጎማ ከ45 ፋራናይት በታች ሲሆን እየደረቀ ይሄዳል፣ የዊንተር ጎማ ግን ላስቲኩ ብርድ ላይም ለስላሳ ሆኖ ስለሚቆይ በረዶ ላይ የማቆሚያ ርቀቱ በደንብ ያጥራል። ገንዘብ ካላችሁ አራቱንም ግዙ፣ ሁለቱን ብቻ መቀየር መኪናው ሲንሸራተት እንዲዞር ያደርገዋል። አቅም ከሌለ ቢያንስ ጥርሱ ያላለቀ ኦል ሲዝን ይኑራችሁ። አየሩን ደግሞ ቶሎ ቶሎ እዩት፣ በየ10 ፋራናይቱ 1 ፒኤስአይ (የጎማ አየር መለኪያው) ያህል ይወርዳል፣ ስለዚ ኦክቶበር ላይ በ50 ዲግሪ የተነፋ ጎማ ዜሮ ሲገባ 5 ጎድሎት ታገኙታላችሁ። የሚነፋው ልክ በሹፌሩ በር ጠርዝ ስቲከር ላይ ተጽፏል።

ውጪ የምታሳድሩ ከሆነ ስለ ብሎክ ሂተር ጠይቁ። ሞተሩን የሚያሞቅ በኤሌክትሪክ የሚሰካ ነገር ነው፣ ከመነሳታችሁ ሶስት አራት ሰዓት በፊት ከተሰካ ይበቃል፣ ገመዱ ለውጪ የተሰራ ኤክስቴንሽን መሆን አለበት። ኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ ደግሞ መኪናው ቻርጅ ላይ እንደተሰካ ውስጡን አሙቁት፣ በ20 ፋራናይት ሂተር ከፍቶ ሲነዳ በአንድ ቻርጅ የሚሄደው ርቀት በ40 ፐርሰንት ገደማ እንደሚቀንስ የሹፌሮች ማህበሩ ትሪፕል ኤ ለክቶ አውጥቷል፣ ኡበር የምትሰሩ ይሄን አስባችሁ ነው ቀኑን ማቀድ።

ባትሪ ከወረደ ጃምፐር ኬብሉን በቅደም ተከተል አድርጉት፦ ቀዩን መጀመሪያ በሞተው ባትሪ ፕላስ ላይ፣ ሌላኛውን የቀዩን ጫፍ በደህናው ፕላስ ላይ፣ ከዛ ጥቁሩን በደህናው ማይነስ ላይ፣ የመጨረሻውን ጥቁር ግን በሞተው ባትሪ ላይ ሳይሆን ራቅ ያለ፣ ቀለም የሌለው የሞተር ብረት ላይ፣ ብልጭታው ከባትሪው እንዲርቅ ነው። ደህናውን መኪና አስነስታችሁ አምስት አስር ደቂቃ ጠብቁ ከዛ ሞክሩ። አንድ ነገር ግን አደራ፣ የወረደ ባትሪ እዚ ባለው ብርድ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ረግቶ በረዶ ሊሆን ይችላል፣ ጎኑ አብጦ ካያችሁት ወይ ከተሰነጠቀ ጃምፕ እንዳታደርጉት፣ ሊፈነዳ ይችላል። ትንሽ ስልክ የምታክል በራሷ ቻርጅ የምትሆን የጃምፕ ባትሪ አለች፣ ብትገዙ ሰው ሳትለምኑ ትነሳላችሁ፣ ማታ ማታ ግን ቤት አስገቧት እሷም ብርድ ትፈራለች።

ጠዋት መኪናው ከተነሳ በኋላ ግማሽ ሰዓት ማቆየት አያስፈልግም፣ የተወሰነ ደቂቃ በቂ ነው፣ ከዛ ቀስ ብሎ መንዳት ነው ሞተሩን የሚያሞቀው። ጋራዥ ውስጥ በሩ ተከፍቶም ቢሆን አታሙቁ፣ አውጡት ከዛ አሙቁት። ቁልፉን ውስጥ ትታችሁ ወደ ቤት አትመለሱ፣ ብርድ ሲሆን ሌቦች የሚፈልጉት እሱን ነው፣ በሪሞት የሚነሳ ካላችሁ በሩ ተቆልፎ ይሙቅ። በረዶ የያዘው መስታወት ላይ የፈላ ውሃ የሚያፈስ ሰው አያለሁ፣ መስታወቱ ይሰነጠቃል፣ በመፋቂያ ፋቁት። ጣራው ላይ ያለውንም ስኖው አራግፉ፣ ፍሬን ስትይዙ ተንሸራቶ የፊት መስታወታችሁን ይሸፍነዋል፣ ሀይዌይ ላይ ደግሞ ከኋላ ያለው ሰው ላይ ይወድቃል።

አሁን አነዳዱ። መሪ፣ ፍሬን፣ ነዳጅ፣ ሶስቱንም በዝግታ፣ ደግሞ አንድ በአንድ፣ እየታጠፋችሁ ፍሬን መያዝ ነው መኪናውን ከእጅ የሚያወጣው፣ ከመታጠፋችሁ በፊት ቀንሱ ከዛ ታጠፉ። ከፊት ካለው መኪና ጋር ደረቅ መንገድ ላይ ሶስት አራት ሰከንድ ከሆነ በረዶ ላይ ስምንትና አስር ሰከንድ ተውለት። ክሩዝ ኮንትሮል አጥፉ። ስኖው እየወረደ ከሆነ ቀንም ቢሆን መብራት ማብራት እዚ ህግ ነው፣ የቀን መብራት ብቻ ያለው መኪና የኋላው ስለማይበራ ራሳችሁ አብሩት።

ከሁሉም የሚያሰጋው ብላክ አይስ ነው፣ አስፋልቱ ረጥቦ ብቻ ነው የሚመስለው። ምልክቶቹን ተማሩ፦ መንገዱ እርጥብ መስሎ ከፊታችሁ ያለው መኪና ጎማ ውሃ የማይረጭ ከሆነ የረጋ በረዶ ነው፣ የጎማው ድምጽ በድንገት ጸጥ ካለና መሪው እጃችሁ ላይ ቅልል ካላችሁም እንደዛው። ድልድይ ከስሩ አየር ስለሚያልፍ ከመንገዱ ቀድሞ ይረጋል። በጣም ሲበርድ ደግሞ የትራፊክ መብራቶች ጋር ከቆሙት መኪኖች ጭስ የሚወጣው እንፋሎት አስፋልቱ ላይ ረግቶ ስስ በረዶ ይሰራል፣ ስኖው ባልወረደበት ደረቅ ቀን እንኳን መስቀለኛ መንገድ ላይ የምንሸራተተው ለዚ ነው። "ጨው በትነውበታል" ብላችሁም አትተማመኑ፣ ተራው ጨው ከ15 ፋራናይት በታች ብዙም አይሰራም። ከተንሸራተታችሁ እግራችሁን ከነዳጅ አንሱ፣ አይናችሁን መሄድ ወደምትፈልጉበት አድርጉ፣ መሪውንም ቀስ ብላችሁ ወደዛው፣ የምትጋጩበት ግንድ ላይ አይናችሁን ካሳረፋችሁ እጃችሁም ወደዛው ይሄዳል። ድንገት መቆም ግድ ከሆነ፣ ኤቢኤስ (ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ፍሬን) ያለው መኪና ላይ ፍሬኑን ጨክናችሁ ረግጣችሁ ያዙት፣ እግር ስር መንቀጥቀጡ ስራውን እየሰራ ነው፣ አትልቀቁት። ይሄን ሁሉ አንብባችሁ አትተዉት፣ መጀመሪያ ስኖው ሲጥል እሁድ ጠዋት ባዶ ፓርኪንግ ፈልጋችሁ በ15 ማይል ፍጥነት ፍሬን ረግጣችሁ መኪናው ምን እንደሚያደርግ እዩት፣ እግራችሁ ይልመደው።

በረዶ ጠራጊ መኪና ካያችሁ ከኋላው ራቅ በሉ፣ እሱ ያለፈበት መንገድ ካላለፈበት ይሻላል፣ ለመቅደም አትሞክሩ፣ የሚያስነሳው የስኖው ደመና ውስጥ ከገባችሁ ምንም አይታይም። ረጅም መንገድ ስትሄዱ፣ ወደ ሮቸስተር ወይ ወደ ፋርጎ፣ ከመነሳታችሁ በፊት የመንገድ ሁኔታ የሚያሳውቀውን የስቴቱን 511 እዩ፣ መንገድ ዝግ ከሆነ ዝግ ነው፣ ቀጠሮ ይሰረዝ፣ ሰርግም ቢሆን።

ቦይ ውስጥ ከገባችሁ ወይ ብሊዛርድ (ነፋስ የቀላቀለ የስኖው ማዕበል) መሀል ከቆማችሁ ከመኪናው አትውጡ። እርዳታ ፍለጋ ተብሎ በእግር የተወጣ ጊዜ ነው ሰው የሚጠፋው፣ መኪና ከሰው ይልቅ ቶሎ ይታያል። 911 ደውሉ፣ ያላችሁበትን ማይል ምልክት ወይ የመጨረሻውን ኤግዚት ንገሩ። ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት የጭስ ማውጫውን ከስኖው አጽዱ፣ ካልጸዳ ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ያስተኛችኋል ከዛ አትነሱም። በየሰዓቱ አስር ደቂቃ ያህል ብቻ አስነሱ፣ ነፋስ በማይመጣበት በኩል መስኮቱን ትንሽ ክፈቱ፣ እንደገና ከማስነሳታችሁ በፊትም ጭስ ማውጫውን እዩ። ለዚ ነው ዊንተር ሙሉውን ነዳጅ ከግማሽ በታች አይውረድ የሚባለው። መኪናው ውስጥ የሚቀመጠው ደግሞ፦ ትንሽ አካፋ፣ ባትሪ መብራት፣ ጃምፐር፣ የስልክ ቻርጀር፣ አንድ ከረጢት አሸዋ ጎማ ስር የሚበተን፣ ትርፍ ካልሲ፣ ጓንትና ኮፍያ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ ወይ ስሊፒንግ ባግ። ጋቢም ደረቅ እስከሆነ ድረስ ይሞቃል፣ ጥጥ ስለሆነ ከረጠበ ግን አይጠቅምም፣ ከላዩ የሱፍ ነገር ይኑር። ለምግብ ቆሎና ዳቦ ቆሎን የሚያክል የለም፣ አይረጋም፣ አይበላሽም፣ ጉልበት ይሰጣል፣ በሶም ከውሃ ጋር ካለ ሌላ ምንም አትፈልጉም። አካፋው ትራንክ ውስጥ ይሁን፣ ብርድ ልብሱና ቆሎው ግን እጃችሁ የሚደርስበት ከኋላ ወንበር ላይ።

ትራክ የምትነዱ፣ በተለይ ከቴክሳስና ከደቡብ ጭናችሁ ወደዚ የምትወጡ፣ ደቡብ የሞላችሁት ናፍጣ ለዚ ብርድ የተዘጋጀ አይደለም፣ ሰም የመሰለ ነገር ሰርቶ ፊልተሩን ይዘጋዋል። አንቲጄል ነዳጁ ከመርጋቱ በፊት ነው የሚጨመረው፣ ከረጋ በኋላ አይሰራም፣ ከተቻለ ግማሽ አድርጋችሁ ወጥታችሁ ሰሜን ላይ የዊንተር ናፍጣ ሙሉ። የአየር ታንኩን በየቀኑ ውሃውን አስወጡ፣ መስመሩ ውስጥ ከረጋ ፍሬን የለም ማለት ነው። ዴፍ (የናፍጣውን ጭስ የሚያጣራው ፈሳሽ) ደግሞ 12 ፋራናይት ላይ ይረጋል፣ ትራኩ የራሱ ማሞቂያ አለው፣ ትርፍ ጋሎኑን ግን ካብ ውስጥ ያዙት።

ፓርኪንግ። ሜኒያፖሊስ ስኖው ኢመርጀንሲ (መንገድ ለመጥረግ ፓርኪንግ የሚከለከልበት) ሲታወጅ መኪናው ቶው ተደርጎ ብዙ ብር የሚከፍል አዲስ ሰው ብዙ ነው፣ ስለዚ ሰዓቱን በኛ አቆጣጠር ልጻፈው። የመጀመሪያው ቀን ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ስኖው ኢመርጀንሲ ራውት በተባሉት ዋና መንገዶች ሁለቱም ጎን አይቆምም። ሁለተኛው ቀን ከጠዋቱ 2 እስከ ምሽቱ 2 በሌሎቹ መንገዶች የቤት ቁጥሩ ሙሉ ቁጥር (2፣ 4፣ 6) ባለበት ጎን አይቆምም፣ ሶስተኛው ቀን በዛው ሰዓት ጎደሎ ቁጥር ባለበት ጎን። ሴይንት ፖል የራሱ የተለየ ህግ አለው፣ ምልክቱን አንብቡ። ሁለቱም ከተማ በስልክ መልእክት ያሳውቃል፣ ዛሬውኑ ተመዝገቡ።

ልብስ ላይ ብዙ ብር አያስፈልግም፣ ያገለገለ እቃ የሚሸጡት ስሪፍት ሱቆች ጋ ጥሩ ጥሩ ካፖርት አለ። ከስር ቆዳ የሚነካው ጥጥ አይሁን፣ ላብ ይዞ ይቀዘቅዛል፣ ሱፍ ወይ ፖሊስተር ይሁን፣ መሀል ፍሊስ፣ ከላይ ነፋስ የማያስገባ። ጂንስ ብቻውን ለብሶ ባስ መጠበቅ አይሆንም። ጫማው በወፍራም ካልሲ ጣት የሚያንቀሳቅስ ሰፋ ያለ ይሁን፣ የጠበበ ጫማ ደም አያስሄድም። ጓንት ከሚሉት ጣት ለጣት ከሆነው ይልቅ አራቱን ጣት አንድ ላይ የሚይዘው ይሞቃል። የአየር ትንበያ ስታዩ ከቁጥሩ ይልቅ ዊንድ ቺል የሚለውን እዩ፣ 0 ፋራናይት ሆኖ 15 ማይል ነፋስ ካለ የሚሰማችሁ ማይነስ 19 ነው፣ በዛ ያልተሸፈነ ቆዳ በ30 ደቂቃ ውስጥ ፍሮስትባይት (ቆዳው በብርድ መርጋት) ሊይዘው ይችላል። በኛ ቆዳ ላይ መቅላቱ ጎልቶ አይታይም፣ ስለዚ መደንዘዙንና አመድማ መምሰሉን ነው መከታተል፣ የልጆች ጆሮና ጉንጭ፣ የጣት ጫፍ። ከያዛችሁ አትሹት፣ እሳትም ሂተርም ላይ አታስጠጉት ደንዝዞ ስለሆነ ሳይሰማችሁ ይቃጠላል፣ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አድርጉት፣ ካልተመለሰ ሀኪም ቤት። ህጻን ልጅ መኪና ወንበሩ ላይ በወፍራም ካፖርት አትሰሩት፣ ግጭት ሲኖር ካፖርቱ ይጠፈጠፍና ቀበቶው ይላላል፣ መጀመሪያ በስስ ልብስ አጥብቃችሁ እሰሩት ከዛ ካፖርቱን ወይ ብርድ ልብሱን ከላይ አልብሱት።

ቤት ውስጥ፣ ይሄን እባካችሁ በደንብ አንብቡት፣ ሂተር ተበላሸ ተብሎ ከሰል ቤት ውስጥ አይቀጣጠልም። ሀገራችን ቡና ስናፈላ ቤቱ አየር ያስገባል፣ በር ይከፈታል፣ እዚ ቤቱ ብርድ እንዳያስገባ ጥርቅም ተደርጎ ነው የተሰራው፣ መስኮቱም በፕላስቲክ ተሸፍኗል፣ የከሰሉ ካርቦን ሞኖክሳይድ መውጫ የለውም። ባልኮኒ ላይ አቀጣጥሎ ፍሙን ማስገባትም ያው ነው፣ ፍም እስከሆነ ድረስ ያንኑ ጋዝ ያወጣል። ቡናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ አፍሉ፣ ለእጣኑም የኤሌክትሪክ ማጨሻ አለ። በጋዝ ምድጃ ወይ ኦቨን ከፍቶ ቤት ማሞቅም እንደዛው አደገኛ ነው። የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም ሚኒሶታ ውስጥ ከየመኝታ ክፍሉ በ10 ጫማ ርቀት ውስጥ መኖር አለበት፣ ኪራይ ቤት ከሆነ አከራዩን ጠይቁ፣ ቁልፉን ተጭናችሁ መጮሁን እዩ። ቤተሰቡ ሁሉ አንድ ላይ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከያዘው ጉንፋን ነው ብላችሁ አትተኙ፣ ውጡና 911 ደውሉ።

የራሳችሁ ቤት ካላችሁ ቤቱን የሚያሞቀውን ፈርነስ ኦክቶበር ላይ አሳዩ፣ ፊልተሩን ቀይሩ፣ ከውጪ በግድግዳው የሚወጡትን ነጭ ቧንቧዎች ስኖው በጣለ ቁጥር ጥረጉ፣ ከተደፈኑ ፈርነሱ ራሱን ያጠፋል። ከዜሮ በታች ሲወርድ ማታ የእቃ ማጠቢያውን ስር ያለውን ካቢኔት ክፈቱት ሙቀት እንዲገባ፣ ውጪ ግድግዳ ላይ ያለው ቧንቧ ጠብ ጠብ ይበል። ሀገር ቤት ስትሄዱ ሂተሩን አታጥፉ፣ 55 ላይ ተዉት፣ ቧንቧ ፈንድቶ ቤቱ በውሃ ተሞልቶ የሚጠብቀው ሰው አለ።

የሂተር ቢል ከከበዳችሁ ዝም አትበሉ። ሚኒሶታ ኮልድ ዌዘር ሩል የሚባል ህግ አለ፣ ከኦክቶበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 ማሞቂያችሁን እንዳይቆርጡባችሁ ይከላከላል፣ ግን በራሱ አይሰራም፣ ካምፓኒው ጋ ደውላችሁ በአቅማችሁ የክፍያ ስምምነት ማድረግና እሱን መክፈል አለባችሁ። ኢነርጂ አሲስታንስ የሚባለውም አለ፣ ገቢ አይቶ ነው የሚሰጠው፣ ተከራይም ማመልከት ይችላል። አስተርጓሚ ጠይቁ፣ መብታችሁ ነው።

አራስ ለመጠየቅ ወይ ልጅ ለመያዝ ከሀገር ቤት የመጡ እናቶቻችንን ደግሞ አስቡልን። ዲሴምበር ላይ ጸሀይ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ትገባለች፣ ልጆቹ ስራ ውለው ሲመጡ ጨልሟል፣ እሳቸው ቀኑን ሙሉ መስኮት ስር ናቸው። ጥሩ ቦት ግዙላቸው፣ ከስሩ የሚታሰር ሹል ብረት ያለው መያዣ አለ፣ እሱን አድርገው ፀሀይ ያለች ቀን ቀትር ላይ አጠር ያለ መንገድ ይሂዱ፣ በረዶ ላይ ሲራመዱ እጃቸውን ኪስ ውስጥ አይክተቱ፣ እርምጃቸው አጭር ይሁን። ለሀኪም ስትወስዷቸው የቫይታሚን ዲ ምርመራ ጠይቁ፣ እናንተም አሰሩት፣ ጥቁር ቆዳ እዚ ባለው የዊንተር ጸሀይ በቂ አያመርትም። ቅዳሜ ቡና የምታፈሉ ጎረቤቶች ካላችሁ እሳቸውንም ጥሩልን።

ማርች ላይ ሁለት ሶስት ሞቃት ቀን ሲመጣ የዊንተር ጎማውን ለማውጣት አትቸኩሉ፣ 2018 ኤፕሪል አጋማሽ ላይ እኮ ሜኒያፖሊስ ከባድ ብሊዛርድ ጥሎባታል። ኤፕሪል መጨረሻ አውጡት፣ በዛውም መኪናውን ከስሩ የሚያጥብ ቦታ ውሰዱትና የከረመውን ጨው አስለቅቁ፣ የፍሬን ቧንቧውንና ቻሲሱን የሚበላው እሱ ነው፣ አካፋውንና ብርድ ልብሱን ግን ከመኪናው እስከ ሜይ አታውጡ።